አርፋጅ የሚባለው ጋራ

ሆላንድ፣ ኤንስኬዴ
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዘመዴ ለአቶ ቢያዝን እጅጉ፣ ጥድ አፋፍ ሚካኤል
በመምህር ገነነ በኩል፣ ፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። እንደ ደንቡ «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ተያይተን ስለማናውቅ ውሸት ይሆንብኛል። በእውነቱ ልጀምር፦ ህይወት ምናለ እባላለሁ። የአባቴ እናት ወይዘሮ አምለሰት የእናትዎ የአክስት ልጅ ነበሩ። ከእናንተ ቀዬ ተነስተው ከጋራው ማዶ የተዳሩት አምለሰት ማለት ናቸው። አባቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ በሙሉ ለሸንኮራ ሥራ ወደ ወንጂ ወረደ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ አገሩን አላየም። ባለፈው ዓመት በየካቲት አረፈ። በወረቀቶቹ መሃል የእርስዎንና የመምህር ገነነን ስም የያዘች ብጣሽ አገኘሁ።

እኔ ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን እዚህ ሆላንድ የካርታ ሥራ እማራለሁ። አገሩ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። እስካሁን የወጣሁት ትልቁ ዳገት የቦይ ድልድይ ነው፤ እሱንም በብስክሌት። ለመመረቂያ እያንዳንዳችን አንድ የተራራ ሰንሰለት መርጠን ካርታውን እንደ አዲስ እንድንሠራ ታዘዝን። ጓደኞቼ ስመ ጥሩውን ሲሻሙ እኔ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለውን የእናንተን ትንሽ ሰንሰለት ወሰድኩ። በድሮው የመንግሥት ካርታ ላይ «የዳልቻ ተራሮች» ይባላል። ርዝመቱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ጋራው አራት፦ ዳልቻ፣ ቦራ፣ ሻንቆ፣ መከታ።

ችግሬን ልንገርዎ። አባቴን «የት ተወለድክ?» ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፤ «ከአርፋጅ ሥር» ይላል። ቀበሌ አይጠራ፣ ደብር አይጠራ። ትልቅ ጋራ ነው ይለን ነበር። እኔም ይህን ሰንሰለት የመረጥኩት አርፋጅን ላገኝ ነው። ካርታው ላይ ግን አርፋጅ የሚባል ነገር የለም። በአጉሊ መነጽር ፈለግሁ፤ የለም። ወይ ሌላ አገር ነው፣ ወይ አባቴ… ይህን ልጨርሰው አልፈልግም።

እርስዎ ከጋራው ሥር ተወልደው ያደጉ ሰው ነዎት። አርፋጅ የቱ ነው? የአራቱስ ስም እንዴት ወጣ? ካርታዬ በሰኔ ይታተማል፤ ከዚያ በፊት የአባቴን ጋራ በቦታው ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ከዚህ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለም ሳይጨነቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ህይወት ምናለ


ጥድ አፋፍ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለህይወት ምናለ

ሰማይና ምድርን የዘረጋ አምላክ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፤ ሜዳውንም ያልምድልሽ። ደብዳቤሽ በህዳር ሚካኤል ማግስት ደረሰኝ። ለባለቤቴ ለእናኑ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የአባትሽን ሞት ስትሰማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አለቀሰች፤ ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። የአራቱን ጋራ ስም ስደርስ ግን ሳቅ ያዛት። እስከ ማታ ድረስ እየቆየ ይመለስባት ነበር። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

አምለሰትን አስታውሳታለሁ። ስትዳር እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ሙሽሪትን በበቅሎ ጭነው በቅል አንገት ሲያሻግሯት ከሚካኤል ደጅ ሆነን ስናይ ነበር። ማዶ የትኛው መንደር እንደገባች ግን አላወቅሁም።

ዘንድሮ ጤፉ ደህና ነው። ዳጉሳው ከጤፉም ይሻላል። ስለ ጋራው ላልሽው፣ ብዙ የምነግርሽ አለኝ። ከኛ በኩል የዘነበው ውሃ ወደ ላህ ወንዝ፣ ከላህም ወደ ብር ወንዝ ይወርዳል፤ ከማዶ የዘነበው ወደ ፈጠም። ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል። ጫፉ ላይ ቆመሽ ቅል ውሃ ብትደፊ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ሄዶ ቆላ ይገናኛል። ጫፉ ላይ ገብስ፣ ወገቡ ላይ ጤፍ፣ እግሩ ሥር በቆሎ ይበቅላል። በርበሬ ከፈለግሽ ወደ ቡሬ መውረድ ነው። ደመና ከትልቁ ጋራ ትከሻ ላይ ከተቀመጠ ከምሳ በፊት ይዘንባል፤ ይህን ጻፊው፣ ራዲዮ ከሚናገረው ይበልጣል።

ስሙ እንዴት ወጣ ላልሽው፣ ስም እንግዲህ ስም ነው። አርፋጅ የሚባል ጋራ እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ካላስቸገርኩሽ የንባብ መነጽር ብትልኪልኝ። ዳዊቱ ሆሄው አንሶብኛል።

ዘመድሽ
ቢያዝን እጅጉ


ኤንስኬዴ
ጥር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ቢያዝን

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። «አጎቴ» ብያለሁ፤ ካልወደዱት ይቆጡኝ። መነጽሩን ወደ ሀገር በሚመለስ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። የወይዘሮ እናኑን ሳቅ ባልሰማውም ወድጄዋለሁ፤ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

የውሃውን ነገር ቃል በቃል ወደ ጽሑፌ አስገባሁት። ፕሮፌሰሬ አነበበውና «ይህን የጻፈው ሰው የት ነው የተማረው?» አለኝ። ጥድ አፋፍ ነው አልኩት።

ደስ የሚልዎ ሌላም አለ። ስለ አራቱ ጋራዎች ስም አሥራ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላት አገላብጬ እንዲህ ደረስኩበት፦ ዳልቻ የተባለው ድንጋዩ ግራጫ ስለሆነ ነው። ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ገደል ስላለው። ሻንቆ፣ ጥቁር ደን ስለለበሰ። መከታ ደግሞ የቆላውን ነፋስ ስለሚመክት። ፕሮፌሰሬ «ሕዝቡ ተራራውን በቀለም የሚያነብ ሕዝብ ነው» ብሎ ጠርዙ ላይ ጻፈልኝ። የካርታውን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ተሳስቼ እንደሆነ ይንገሩኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። «ሙሽሪትን በቅል አንገት ሲያሻግሯት» ብለዋል። ቅል አንገት የት ነው? እሱም ካርታው ላይ የለም።

አርፋጅን ሰምተው እንደማያውቁ ሲጽፉልኝ ደብዳቤውን ይዤ ፕሮፌሰሬ ጋ ሄድኩ። እሱም «ልጅ ሆኖ ከአገሩ የወጣ ሰው ስም ይቀላቅላል፤ ማስረጃ ካላገኘሽ ተዪው» አለኝ። አባቴ ግን ሌላ ነገር ቀላቅሎ አያውቅም። የጎረቤቶቻችንን ሁሉ ልደት በቃሉ ይይዝ ነበር።

እባክዎ አንድ ሰው እንኳ ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ ህይወት


ጥድ አፋፍ
መጋቢት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለህይወት

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። መነጽሩ ደረሰ፤ እድሜሽን ያርዝመው። ዳዊት ደገምኩበት፣ እናኑም መርፌ ክር አስገባችበት። ካርታሽንም አየሁበት። ጎበዝ ነሽ፤ ወንዙ ልክ ነው፣ ገደሉ ልክ ነው፣ የሚካኤልም ዛፍ በቦታው አለ።

ስሙን ግን እንዲያው ባታጠብቂው። ካርታ ያለ ስም አይሆንም ወይ? መስመሩ ብቻውን ያምራል። አሥራ ስምንት ገጽም ለአንድ ስም በዛ።

አሁን ብርዱ አልፏል፤ ለክረምቱ ግን ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ቢገኝ አልጠላም። ወሬሽን ጻፊልኝ። ምግቡ ተስማማሽ ወይ?

ቢያዝን


ኤንስኬዴ
መጋቢት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ቢያዝን

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ካፖርቱን እፈልጋለሁ። ምግቡም ተስማምቶኛል።

ስለ ቅል አንገት ጠየቅሁ፤ አልመለሱልኝም። ስለ አርፋጅ ለመንኩ፤ ስለ መርፌ ነገሩኝ። ምናልባት ያላወቅሁት ነውር ሠርቼ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ይቅርታ። ነገር ግን ጽሑፌን የማስረክበው ሰኔ 15 ነው። ስም የሌለው ካርታ ደግሞ፣ አጎቴ፣ ማንንም ቤቱ አያደርስም።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። አባቴ ዋሸን ወይስ አልዋሸንም?

ህይወት


ጥድ አፋፍ
ግንቦት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለህይወት

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገራችን ሰው፤ እኔ ግን ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዳር ዳሩን ስዞር ከረምኩ። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ሳነብ እናኑ ከእጄ ነጠቀችና «አሁንስ ካልጻፍክላት፣ በእግሬ ፍኖተ ሰላም ሄጄ መምህር ገነነን አስጽፈዋለሁ! ያባቷን ስም በበሬ ልታስበላ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስሚ እንግዲህ፤ አባትሽ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

በ1959 ዓ.ም. ከመኸር በኋላ አንድ ሄሊኮፕተር ከሚካኤል በታች ካለው መስክ አረፈ። ከብቱ ተበተነ፣ የደብሩ መሪጌታ ንብም ከቀፎው ተነሳ። ሁለት ፈረንጅና አንድ አስተርጓሚ ወርደው ሦስት እግር ያለው መነጽር ተከሉና ጋራውን ያዩ ጀመር። ያን ጊዜ «መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊከመርብን ነው» የሚል ወሬ ጎጃምን ሞልቶት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና «የጋራውን ስም የያዘ የመሬቱን ጆሮ ያዘ፤ ማንም እንዳይናገር» አሉ። እንግዳን በዝምታ መሸኘትም ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ወጣትና ምላሰኛ ነበርኩና «መላሹ አንተ ሁን» አሉኝ።

አስተርጓሚው ትልቁን ጋራ ጠቁሞ «ስሙ ማን ነው?» አለ። እኔ በሬዎቼን ጠምጄ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለውን አየሁና «ዳልቻ» አልኩት። ሁለተኛውን ሲጠቁም «ቦራ»። የኔ ጥማድ አለቀ። ለቀሩት ሁለቱ የአማቴን በሬዎች፣ ሻንቆንና መከታን ጨመርኩ። ደግነቱ ጋራው አራት ነው፤ ቢበልጥ ወደ ላሞቹ እሻገር ነበር።

እነሱ ጽፈው ሄዱ፣ እኛ ስቀን ገባን። ታትሞ ሆላንድ ይደርሳል ብሎ ማን አሰበ? ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ቀረ። ያንቺን አሥራ ስምንት ገጽ ነገር ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ሻንቆ ጥቁር ደን አልለበሰም፣ ልጄ፤ ሻንቆ ወጊ በሬ ነበር። እናኑ የሳቀችውም ለዚህ ነው። ለአንቺ መናገር አፈርኩ፤ የተማረች ልጅ «የኛ ዘመድ ቀጣፊ ነው» ትለኛለች ብዬ።

እውነተኛው ይኸው፦ ከደቡብ ጀምሮ ውሃ መልስ፣ ሙሽሪት የተሻገረችበት ቅል አንገት፣ ንብ ገደል። ትልቁን፣ ዳልቻ ያልኩትን፣ እኛ ሚካኤል ራስ እንለዋለን፤ ደብራችን ከሥሩ ስለሆነ።

ይህን ብጽፍልሽም አርፋጅ የለበትም። ጥድ አፋፍን ቤት ለቤት ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ማዶን ደግሞ እኛ አናውቀውም። የኛ ገበያ ፍኖተ ሰላም፣ የነሱ ቡሬ ነው፤ በስልሳ አንድ ዓመቴ የተሻገርኩት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ስንቄን ቋጥሬ በጠዋት ተነሳሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቅል አንገት አናት ላይ ነበርኩ፤ ፀሐይ ጀርባዬን ትለበልበኛለች። ወደ ማዶ መውረድ ስጀምር ብርድ ውስጥ ገባሁ። ከሚካኤል ራስ ግርጌ ካለው መንደር ስደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ጤዛው አልረገፈም፣ ሰዉም ጋቢውን አልጣለም። ደጃፋቸው ላይ ተኮራምተው የተቀመጡ ሴትዮ አገኘሁ፤ እታለም ይባላሉ።

«እህቴ፣ ይኸን ከላያችን ያለውን ጋራ ምን ትሉታላችሁ?» አልኳቸው።

«ምነው አያ፣ ካየር ነው የወረድክ? አርፋጅ ነዋ! ፀሐያችንን ይዞ የሚያረፍድብን እሱ አይደል!»

ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ግን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ዘመን ከኛ በኩል ብቻ ነው ያየሁት። ለኛ ደብር የሚያስጠልል ጋራ ለነሱ ፀሐይ የሚከለክል ነው።

«የአምለሰትን ልጅ ምናለን ያውቁታል?» ብላቸው ሳቁ። አብረው ፊደል ቆጥረዋል። የኔታ ወልደ ገብርኤል የሚያስተምሩት ፀሐይ ቶሎ ከሚደርስበት ከወዲያኛው ሸንተረር ላይ ነበር አሉ። «ምናለ ዘወትር ያረፍዳል። የኔታ አለንጋ ሲያነሱበት ‹ያረፈደችው ፀሐይ ናት፣ እኔ ከሷ ጋር ነው የወጣሁት› ይላል። አንድ ቀን የኔታ ነገሩን ላጣራ ብለው በማለዳ መጥተው ከነምናለ ደጅ ተቀመጡ። ፀሐይን ቢጠብቋት፣ ቢጠብቋት የለች። ብርዱ አንዘፈዘፋቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ ስትል ‹ልጁ እውነቱን ነው› ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ የኛን መንደር ልጅ ስላረፈደ ገርፈው አያውቁም።»

ሴት ልጁ ባሕር ማዶ ሆና ይህን ጋራ ትፈልገዋለች ስላቸው እልልታቸውን አቀለጡት፤ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቤታችሁ ግድግዳ ድንጋይ እስከ ጉልበት ድረስ አለ። መሃሉ ላይ ዋንዛ በቅሎበታል።

አሁን ሌላ ጣጣ ቀረ፤ አንዱ ጋራ ሁለት ስም አለው፣ ካርታሽ ደግሞ ስንት እንደሚይዝ አላውቅም። በልደታ ዕለት፣ ሰዉ እንደ ልማዱ ከጋራው ሥር ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ሲወጣ፣ ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የሽማግሌዎቹን ዘመን የማያውቁት ወጣቶች በሳቅ ፈረሱ። «አያ ቢያዝን፣ አህዮችህን ለየትኛው ወንዝ ሰጠሃቸው?» ይሉኛል እስከ ዛሬ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ፤ «ሚካኤል ራስ ካልተጻፈ» ያለ ብዙ ነው። በመጨረሻ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ተነሱና «እኛ የሚካኤልን ስም በየማለዳው እንጠራለን፤ ወረቀት አያሻንም። ወረቀት የሚያሻው ከአገሩ ለወጣ ሰው ነው። አርፋጅ ብላ ትጻፈው» አሉ። ሰዉም እሺ አለ።

እናኑ ግን አንድ ነገር ይዛ አልለቅም ብላለች። ዳልቻን አባቷ ለጎጆ መውጫ የሰጡን በሬ ነው። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ጋራ ሆኖ ኖሮ አሁን እንዴት ይሻራል?» ትላለች። እንደ ፍጥርጥርሽ አድርጊ።

ካፖርቱን ተዪው። ይቅርታሽን ብቻ ላኪልኝ።

ያሳፈረሽ ዘመድሽ
ቢያዝን እጅጉ


ኤንስኬዴ
ሰኔ 1 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ ቢያዝን

የሚካኤል ጥበቃ አይለይዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከቤት ስወጣ ነው፤ ድልድዩ ላይ ብስክሌቴን አቁሜ አነበብኩት። የበሬዎቹ ቦታ ስደርስ በሳቅ ታጠፍኩ። እታለም «አርፋጅ ነዋ» ያሉበት ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ የኔታ በብርድ ሲንዘፈዘፉ ታዩኝና እያለቀስኩ ሳቅሁ። አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ቆመው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «የአባቴ ጋራ ተገኘ» አልኳቸው። እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ።

ይቅርታ የሚለውን እንርሳው። ፕሮፌሰሬ ነገሩን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። «አሥራ ስምንቱን ገጽ ጣይው፤ ገበሬዎቹ ለምን የበሬ ስም እንደሰጡ ጻፊ» አለኝ። በአራት ቀን ሠላሳ አንድ ገጽ ጻፍኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም።

ውሃ መልስ፣ ቅል አንገትና ንብ ገደል በቦታቸው ገብተዋል። አርፋጅ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ 2,714 ሜትር። የመሪጌታን ቃል ሰምቼ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከደብሩ ምልክት ጎን «ጥድ አፋፍ ሚካኤል» ብዬ ጽፌያለሁ። በደቡብ ጫፍ ስም የሌላት አንዲት ጉብታ ነበረች፤ ወይዘሮ እናኑ ደስ እንዲላቸው «ዳልቻ» ሆናለች። የሰንሰለቱ ስምም ተለውጧል፤ «የአርፋጅ ተራሮች» ይባላል።

እንደታተመ ሁለት ቅጂ እልካለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለማዶ። ካፖርቱም አብሮ አለ፤ ተዪው ቢሉም አልሰማም።

ልጅዎ ህይወት


ጥድ አፋፍ
መስከረም 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለህይወት

ዘመኑን የብርሃን ያድርግልሽ። በዓለ መስቀልን ካፖርት ለብሼ ዋልኩ፤ አገር ምድሩ ገንዘብ ያዥ መስለሃል አለኝ። እናኑ ዳልቻን በጣቷ እየነካች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች።

የማዶውን ካርታ እኔው ራሴ አደረስኩት። በዚህ ወር ቅል አንገት በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ብታዪው ደስ ይልሻል። መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ካርታውን ከእታለም ደጅ ዘርግተን አራቱን ጥግ ድንጋይ ጫንበት። ማንበብ የሚችሉት ልጆች ጮክ ብለው «አርፋጅ» ሲሉ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። የአምለሰት ቤት የቱ ጋ ነው አሉ፤ ከጋራው ሥር ያደረግሻትን ያችን ትንሽ ጥቁር ነጥብ አሳየኋቸው።

እታለም ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነጥቡ ላይ አሳረፉ። ፊደል ከረሱ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ግን ብዙ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ምናለዬ አረፈደ እንጂ አልቀረም» አሉ።

እኛም ተነስተን አሜን አልን። አንቺም በጊዜሽ ነዪ፤ ዋንዛው ሥር መቀመጫ ተጠርጓል።

አጎትሽ
ቢያዝን እጅጉ